ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ

ባለማሳው፦ ቆጠርክ?

ወፍ ወዳዱ፦ ቆጥሬ ጨረስኩ። ማሽላ አሥራ አንድ ፍሬ። የምስጥ ጭንቅላት ብዙ። የፌንጣ እግር ሁለት። ደቃቅ የሣር ዘር። የቀረው ሁሉ ግን ይኸ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ጸጉራም፣ ሽምብራ የሚያህል።

ባለማሳው፦ እሱማ እንግጫ ነው። የእንግጫ ሥር።

ወፍ ወዳዱ፦ እሱ ነው። እንግዲህ አባባ፣ የልጅ ልጅዎ በወጥመድ ያመጣት ቆቅ፣ እርስዎ ራስዎ ቢስሚላህ ብለው ያረዷት፣ አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢቷ ሲከፈት ከግማሽ በላይ አረም ሆኖ ተገኘ። አሥራ አንዷም ማሽላ ቃርሚያ ናት፤ ጥር ላይ ነን፣ ምርቱ ጎተራ ከገባ ቆይቷል።

ባለማሳው፦ አንዲት ቆቅ፣ በአንድ ቀን፣ ያውም በጥር። በጥር እኔ ማሳ ላይ ምን አለና ትበላለች? ሌባ ባዶ ቤት ገብቶ ባዶ እጁን ሲወጣ ታማኝ ሰው ነው ብለህ ልትመሰክርለት ነው?

ወፍ ወዳዱ፦ ልክ ነዎት፤ ወቅቱ ይለያያል። ቆቅ ያገኘችውን ናት። ዝናብ ሲጥል ትል፣ ጉንዳን፣ ፌንጣ ትለቅማለች። ምድሩ ሲደርቅ በምንቃሯና በእግሯ እየጫረች ሥራ ሥር ታወጣለች። አዝመራ ሲሰበሰብ የወደቀውን ትቃርማለች።

ባለማሳው፦ ሲዘራስ?

ወፍ ወዳዱ፦ ሲዘራም... ዘር ካገኘች ትበላለች።

ባለማሳው፦ አልሐምዱሊላህ! አመንክ። አምና ሐምሌ ላይ እዚችው ማሳ ላይ ማሾ ዘራሁ። በመስመር ነው የዘራሁት፣ የልማት ጣቢያው ልጅ እንዳስተማረን። ጎሕ ሲቀድ መጥቼ ባይ መስመሩን ይዘው ጭረውታል። እኔ የደከምኩበትን መስመር እነሱ እንደ መንገድ ተከተሉት። በእጅ ስንበትን እንኳ እንዲህ አልነበረም፤ ፈልገው ነበር የሚያገኙት። ማሾ ደግሞ እንደ ማሽላ ለቤት ብቻ አይደለም፤ የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ የምንከፍለው በእሱ ነው።

ወፍ ወዳዱ፦ እነሱ የሚሉት ስንት ነበሩ? በርከት ብለው ከሆነ ቆቅ ሳይሆኑ ጅግራ ይሆናሉ። ቆቅ ጥንድ ሆና ወይም ከልጆቿ ጋር ጥቂት ሆና ነው የምትውለው። ጅግራ ናት በደረቁ ወራት በመንጋ የምትሄደው፤ ራሷ ላይ ቀንድ መሳይ አጥንት ያላት፣ ነጠብጣቧ የበዛ።

ባለማሳው፦ ልጄ፣ ጅግራንና ቆቅን ለእኔ ልታስተምረኝ? ሁለቱም ነበሩ። ለማሾው ልዩነት የለውም።

ወፍ ወዳዱ፦ ይቅርታ። ግን ለፍርድ ልዩነት አለው። ማሽላው ሲያሽት ራስ ራሱን የሚያራግፈው ግሪሳ ነው። ግሪሳ እልፍ ሆኖ እንደ ደመና ይመጣል፣ አገዳው ላይ ሰፍሮ ይበላል። ቆቅ አገዳ ላይ አትወጣም፤ የምድር ወፍ ናት። ልጆቹ ግን ማማ ላይ ቆመው ለግሪሳ ያነሱትን ወንጭፍ ቆቅም ላይ ይጨርሱታል። ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ የሚባለው ይኸው ነው።

ባለማሳው፦ ተረቱን ለራስህ አዞርከው። ቆቅ የምድር ወፍ ናት አልክ፤ ዘርስ ምድር ላይ አይደል የሚዘራው?

ወፍ ወዳዱ፦ እሺ፣ ይህኛውን ረቱኝ። ግን እንግጫውን እንመልከት። እንግጫን በዶማ ሲቆርጡት ምን ይሆናል?

ባለማሳው፦ ሁለት ይሆናል። አርመህ ስትጨርስ ጀርባህን አይቶ ይበቅላል። ለአዲስ ዓመት ኮረዶቹ ሲነቅሉት ብቻ ነው ደስ የሚለኝ፤ እነሱም ላዩን ነው የሚወስዱት።

ወፍ ወዳዱ፦ በዓለም ላይ ገበሬን ካስመረሩ አረሞች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው ይላሉ የአረም አዋቂዎች። ጉልበቱም ያቺ ከመሬት በታች ያለችው ሽምብራ መሳይ ሥር ናት። ዶማ ይቆርጣታል እንጂ አያወጣትም፤ ቆቅ ግን አውጥታ ትውጣታለች። እዚህ ሳህን ላይ ያለው ከእርስዎ ማሳ የወጣ ነው።

ባለማሳው፦ ወጣ፣ እሺ። የቀረውስ? እንግጫን ቆቅ የምታጠፋው ቢሆን ኖሮ ቆቅ በሞላበት በዚህ በጨፋ እንግጫ ስሙ ይረሳ ነበር። እሷ ለሆዷ ትበላለች እንጂ ለእኔ አታርምም።

ወፍ ወዳዱ፦ ለእርስዎ ታርማለች አላልኩም። የምትወስደውንም የምትከፍለውንም አብረን እንመዝን ነው የምለው። መጽሐፍ ሳነብ የሰሜን አገር ሰዎች እንዲህ ሲመዝኑ አይቻለሁ። ግራውስ የሚሏት ወፍ አለቻቸው፤ የእኛ ቆቅ፣ ጅግራም ሆነች ዶሮ ዘመዶቿ ናቸው። እዚህ አፍሪካ ውስጥ አንዷም የለችም፤ የብርድ አገር ወፍ ናት። እግሯ ላባ ለብሷል፤ አንዳንዷማ እስከ ጣቷ ድረስ።

ባለማሳው፦ ካልሲ አድርጋለች በለኛ።

ወፍ ወዳዱ፦ በሉት። ክረምታቸው በረዶ ነውና አንደኛዋ ዓይነት ላባዋን ለውጣ ነጭ ትሆናለች። ትልቁ ዓይነት ደግሞ በረዶው እስኪቀልጥ የጥድ ቅጠል እየበላ ይከርማል። ያን መርፌ የመሰለ ቅጠል የሚፈጭለት ረጃጅም ዕውር አንጀት አለው፤ እዚያ ውስጥ እንደ ጠላ ይብላላል።

ባለማሳው፦ ሱብሃነላህ። ጥድ የሚበላ ወፍ ካለ እኔም ወድጄ ባሳደግሁት። ማሾ የምትበላዋን ነው የሰጠኝ።

ወፍ ወዳዱ፦ ስኮትላንድ የሚባለው አገር ያለችው ግራውስ ደግሞ ሄዘር በሚሉት አጭር ቁጥቋጦ ላይ ነው ኑሮዋ። ለጋውን ትበላለች፣ ያረጀው ሥር ትደበቃለች። የመሬቱ ባለቤቶች ቁጥቋጦውን በአንድ ጊዜ አያነዱትም፤ እዚህ ቁራሽ፣ እዚያ ቁራሽ እያሉ በየዓመቱ በተራ ያቃጥላሉ። ለምን? ለጋው ካረጀው ጎን እንዲሆን። መብሏና መሸሸጊያዋ በአንድ ሩጫ ርቀት ላይ ካልሆኑ አትኖርም። የእኛም ቆቅ እንዲሁ ናት። ማሳው መብሏ ነው፤ ያ ከጉድባው ማዶ ያለው ጥሻ ቤቷ ነው። እርስዎ ዘንድሮ ሊመነጥሩት ያሰቡት።

ባለማሳው፦ አሃ። ሰባት ቀን የዞርክበት ነገር ይኸ ነበር?

ወፍ ወዳዱ፦ ይኸ ነው። ቆቅ ለምን እንደምትሮጥ አስተውለዋል? ክንፍ እያላት በእግሯ ነው የምትሸሸው። ስትበረግግ ብር ብላ ትነሣለች፤ ሰው ልቡ እስኪርድ። ግን ትንሽ ሄዳ ትወርዳለች፣ ከዚያ ሩጫ። የደረቷ ሥጋ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ፍንጠራ ነው፤ ቶሎ ይዝላል። ሁለት ሦስቴ ካስነሷት ልጅም ይይዛታል። ስለዚህ ጥሻው ከዚያች አጭር በረራ በላይ ከራቀ ማሳው ዳቦ ቢሆን እንኳ አትወጣበትም። ጎሕ ሲቀድ ትበላለች፣ ፀሐይ ስትከር ጥሻ ጥላ ሥር አፈር ትታጠባለች፣ አሥር ሰዓት ገደማ እንደገና ትወጣለች። ጀምበር ስትጠልቅ ግራሩ ላይ ወጥታ ታድራለች። እንቁላሏን ግን መሬት ላይ ነው የምትጥለው፤ ሣር ሥር፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ። ጥሻው ሲሄድ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይሄዳል።

ባለማሳው፦ ደህና ተናገርክ። አሁን እኔ ስለዚያ ጥሻ ልንገርህ። ከሩቅ ስታየው አረንጓዴ ነው። ግባበት፤ ግማሹ ቅንጬ አረም ነው። ያ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ላም ከበላችው ወተቷ የሚመር፣ ስትነቅለው ገላን የሚያሳክክ። ዘሩን በነፋስ ወደ ማሳዬ የሚልክልኝ የአንተ ጥሻ ነው። አይጥ እዚያ ይራባል። ከርከሮ ቀን እዚያ ተኝቶ ሌሊት ማሽላዬን ይገነድሳል። ጃርትም አለ። አንተ ቆቋን ታያለህ፤ እኔ ከእሷ ጋር አብሮ የሚኖረውን ጎረቤት ሁሉ አያለሁ። ቆቅን ብቻ ለይቶ የሚያኖር ጥሻ ካለህ አምጣና ትከልልኝ።

ወፍ ወዳዱ፦ የለኝም። ቅንጬው ግን ለእኔም ጠላቴ ነው፤ እሱ የወረሰው ቦታ ለቆቅም ሣር አይተርፍላትም። ጥሻውን ይተዉት ስል ቅንጬውን ይተዉት ማለቴ አይደለም። ቁርቁራው፣ ግራሩ፣ ከሥሩ ያለው ሣር ይቆይ ነው።

ባለማሳው፦ ቅንጬውን እየመረጠ የሚነቅለው ማነው? አንተ ነህ?

ወፍ ወዳዱ፦ ሌላ ልጨምር። እንግሊዝ አገር ገበሬዎቹ ፀረ አረም ሲረጩ ቆቃቸው እየጠፋች ሄደች። መድኃኒቱ ቆቋን አልገደላትም፤ አረሙን ገደለ። አረሙ ሲሞት እሱ ላይ ይኖር የነበረው ትል ጠፋ። ጫጩት ደግሞ እናቷ ምንም ብትበላ እሷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ትልና ያለ ነፍሳት አታድግም። ምክንያቱን ሲደርሱበት የማሳቸውን ጠርዝ ጥቂት ሜትር ሳይረጩ መተው ጀመሩ፤ ጫጩቶቹም ማደግ ጀመሩ። የእርስዎ ልጅ አሁን በጀርባው የሚያዝለውን ቱ ፎር ዲ ያስቡት። ለግሪሳ ከአውሮፕላን የሚረጨውማ ከዚህም ይብሳል፤ ግሪሳውን ብቻ ለይቶ አይገድልም።

ባለማሳው፦ እነዚያ እንግሊዞች ጠርዙን የተዉት ለጽድቅ ነው?

ወፍ ወዳዱ፦ አይደለም። ቆቅ አዳኝ ይከፍላል። ኋላም መንግሥታቸው መደጎም ጀምሯል። ስኮትላንዶቹም ቁጥቋጦውን የሚጠብቁት በየዓመቱ ኦገስት 12 የአደኑ በር ሲከፈት ሀብታም ጠመንጃ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ባለማሳው፦ እንዲህ በለኛ! የእነሱ ወፍ ባለቤት አላት። ስትበላ የሚከፍልላት፣ ስትሞት የሚከፍልባት። የእኔዋ ማሾ ስትበላ የማንም አይደለችም፤ ልጁ በወጥመድ ሲይዛት ግን የመንግሥት ትሆናለች።

ወፍ ወዳዱ፦ ሕጉ አለ፤ የዱር እንስሳት አዋጅ 541፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው። ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም። የዛሬዋም እንኳ...

ባለማሳው፦ ሕጉ ከልጄ እጅ ወጥመዱን ይወስዳል እንጂ ከማሳዬ ቆቋን አይወስድልኝም። እዚህ ቁጭ ብለህ ከረጢቷን ስትቆጥር አዋጁ ትዝ አላለህም፤ ወጡ ሲሸትህ ነው ትዝ ያለህ?

ወፍ ወዳዱ፦ ወላሂ አፈርኩ። ግን ይቺ የእኛ ቆቅ ዋጋ የላትም እንዳይሉ። የደጋውን ትልቁን ቆቅ አሜሪካኖች በ1957 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ደሴት ወስደው ለቀቁት፤ ይኸው እዚያ ተራብቶ ይታደናል። ከመንዝ ወዲያ፣ በጀማ ሸለቆና በዓባይ በረሃ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማትገኝ ቆቅ አለች። ፈረንጆቹ ስሟን የመዘገቡት በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። እሷም እንደዚህችው ጎሕ ሲቀድ ማሽላ ማሳ ገብታ ትበላለች፣ ሰው ሲመጣ ፊላ ውስጥ ትደበቃለች። እዚያም ፊላው እየታጨደ፣ ጥሻው ለማገዶ እየተቆረጠ መግቢያ እያጣች ነው።

ባለማሳው፦ ሃዋይ የሄደችው ለጀማ ገበሬ ምን ላከችለት?

ባለከብቱ፦ አሰላሙ አለይኩም።

ባለማሳው፦ ወአለይኩም ሰላም። ና፣ ቁጭ በል። ይህ ልጅ ቆቅ ልታበላኝ ነው ይለኛል፤ እኔ ቆቅ በላችኝ እላለሁ። አንተ ፍረድ።

ባለከብቱ፦ የቆቁን አላውቅም። እኔ የማውቀው ጅግራን ነው። ከብቶቼ ሲሰማሩ ተከትላ ትውላለች። ኩበት ትገለብጣለች፣ ከሣሩ ላይ መዥገር ትለቅማለች። ጅግራ የሌለበት ሜዳ ላይ ስሰፍር ከብቶቼ ጆሮ መዥገር ይሞላዋል።

ወፍ ወዳዱ፦ ሰሙ አባባ? ይህን እኮ ነው—

ባለማሳው፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መጽሐፍህ ስለዚህ ምን ይላል? እውነቱን።

ወፍ ወዳዱ፦ እውነቱን ከሆነ... አሜሪካ ውስጥ ለማዳ ጅግራ ለቀው ፈትነውታል። ትልልቁን መዥገር ቀንሳለች። ትንንሾቹን፣ በሽታ በብዛት ለሰው የሚያስተላልፉትን፣ አልቀነሰችም።

ባለማሳው፦ ግማሽ እውነት ይዘህ ነው ልትሮጥ የነበረው።

ባለከብቱ፦ የአሜሪካን መዥገር አላውቀውም። ይልቅ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ጠርዝ ጥሻ ነው። ጅግራ ጥሻ ብቻ አይበቃትም፤ በበጋ ውሃ መጠጣት አለባት። ቆቅ ከሥራ ሥሩና ከጤዛው እርጥበት አግኝታ ትቆያለች፤ ጅግራ ግን ውሃ ከራቀ ትሄዳለች። እኛም እንደ እሷ ነን። ከቆላው ተነሥተን በጥር ወደ ጨፋ የምንመጣው የቦርከና ወንዝ ረግረጉን ስለሚያጠጣው ነው። ያ ረግረግ እየጠበበ ነው። ከዳር በኩል በየዓመቱ አንድ ጥማድ፣ አንድ ጥማድ እያለ ይታረሳል። ሞተሩ ቀን ከሌት ውሃውን ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይስባል። ከላይ ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ ደግሞ የቀረውን ያበላሸዋል፤ ከብት አሽትቶ የሚመለስበት ቀን አለ። አንተ አራት እርምጃ ጥሻ ብትተውላት፣ እሱ መጽሐፍ ቢጽፍላት፣ ውሃው ከሄደ ጅግራዋ ለማን ትኖራለች?

ባለማሳው፦ ለአንተ ሣር ትኖራለቻ! ወንድሜ፣ አትቆጣ እንጂ ከብትህ ረግረጉ ላይ ሦስት ወር ሲውል የሚተርፍ ሣር አለ? ዝናብ ሲመጣ ቆቋ እንቁላሏን የምትጥልበት ሣር ያስፈልጋታል ሲል ይህን ልጅ ሰምቼዋለሁ። ከብትህ ግጦ፣ ረግጦ ነው የሚሄደው። እሷን እኔ በወጥመድ ስይዝ ጎጆዋን አንተ በሰኮና ትረግጣለህ።

ባለከብቱ፦ ሜዳው ሰፊ በነበረ ጊዜ አንዱን ግጠን ወደ ሌላው እንሄድ ነበር። የተጋጠው ሳይረገጥ ያርፍ ነበር። አሁን የምንዞርበት የለንም፤ እርሻው ከበበን። ጥፋቱ የእኛ ሰኮና አይደለም ብዬ አልምልም። ግን ቦታው ሲጠብ ሁሉም ሰኮና ይበዛል።

ወፍ ወዳዱ፦ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላነሣ ተጠግቼ አንዲት እናት ከጫጩቶቿ ለያይቻለሁ። ክንፏን የተሰበረች አስመስላ እየጎተተች ወደ ራሷ ሳበችኝ፤ ጫጩቶቹ ግን በየሣሩ ተበታተኑ። ጭልፊት በላዬ ላይ ሲዞር ነው ያደረግሁት የገባኝ።

ባለከብቱ፦ አንዲት ወፍ ደግሞ አለች፤ እኛ ቆላ። ከበረሃ እየበረረች ውሃ ላይ ትሰፍራለች። ወንዱ የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አርሶ፣ ለጫጩቶቹ ይዞ ይሄዳል። ጫጩቶቹ ከላባው ይጠባሉ።

ወፍ ወዳዱ፦ አውቃታለሁ! እንግሊዞች የአሸዋ ግራውስ ይሏታል። ግራውስ ግን አይደለችም፤ ስም ብቻ ነው።

ባለማሳው፦ ላባው ውሃ ይይዛል? ወላሂ በል።

ባለከብቱ፦ ወላሂ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለማሳው፦ ያጀብ ነው። ይቺ ከማሾዬ የራቀች ወፍ ናት፣ ወደድኳት።

ወፍ ወዳዱ፦ አባባ፣ ወደ ጥሻው ልመልስዎ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ አንበጣው ሲመጣ ማሳዎ ላይ ምን ነበር?

ባለማሳው፦ ማሽላ። ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ጣሳ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ አልቅሶም ቢሆን አልመለሰውም።

ወፍ ወዳዱ፦ ያኔ አንበጣውን ምድር ላይ እየተከተለ ሲለቅም ያዩት ወፍ አልነበረም?

ባለማሳው፦ ነበር። ጅግራም ነበረች። ሆዷ እስኪወጠር በላች፤ ክንፏን መዘርጋት እስኪያቅታት። አንበጣው ግን አላለቀም። ጅግራ ስትጠግብ አንበጣ አያልቅም፤ እኔ ግን አልቄ ነበር። ልጄ፣ ያንተ ችግር ምን እንደሆነ ልንገርህ? ወፏ የሠራችውን ሁሉ ትቆጥርልኛለህ። ውሸት የለብህም፤ ሁሉም እውነት ነው። እንግጫውን በላች፣ ምስጡን በላች፣ አንበጣውን በላች። ግን ሁሉም ከሚበቃው በታች ነው። ማሾውን ስትበላ ብቻ ነው ሥራዋ የሚሞላው።

ወፍ ወዳዱ፦ ማሾውን በልታ ጨረሰች? እውነቱን ይንገሩኝ፤ እኔም ነግሬዎታለሁ።

ባለማሳው፦ ... አልጨረሰችም። ከዳር ሦስት አራት መስመር። ደግሜ ዘራሁት።

ወፍ ወዳዱ፦ ከዚያስ?

ባለማሳው፦ በቀለ። ከበቀለ ወዲያ ተወችው። ክፉዎቹ ቀኖች ዘሩ ከወደቀ እስኪበቅል ያሉት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ትልና አረም ፍለጋ ነው የምትገባው።

ወፍ ወዳዱ፦ ስለዚህ በዓመት ውስጥ የተጣላችሁት ለአንድ ሳምንት ነው።

ባለማሳው፦ አንድ ሳምንት ለአንተ ትንሽ ናት። ዝናቡ በዚያች ሳምንት ይመጣል፣ በዚያች ሳምንት ይሄዳል። ደግሜ የዘራሁት ዘግይቶ ነው ያፈራው። ዘሩንም የገዛሁት በብድር ነው።

ባለከብቱ፦ ታዲያ ሳምንቷን የሚጠብቅ ሰው ነው የሚያስፈልግህ እንጂ ጥሻውን መመንጠር ምን ያደርግልሃል? ብትመነጥረው የማን ከብት ነው መጀመሪያ የሚገባበት? የኔው ነው።

ባለማሳው፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ወፍ ወዳዱ፦ ጥሻው ይቆያል ማለት ነው?

ባለማሳው፦ ቀስ በል፤ እኔ አልማልኩም። ቅንጬው ይነቀላል፣ እሱን አንተ ትጀምራለህ፤ ነገ ጠዋት፣ ጓንት አድርገህ። ቁርቁራውንና ግራሩን ዘንድሮ አልነካውም። ልጁም ወጥመዱን ይፈታል። ማሾው በሚዘራባት ሳምንት ግን ከጎሕ ጀምሮ እዚህ ጉድባ ላይ ቁጭ የምትለው አንተ ነህ። መጽሐፍህን ትተህ ወንጭፍህን ይዘህ ትመጣለህ። ድንጋዩን አጠገቧ ጣል እንጂ እሷን አትምታ፤ ለዚያ እንኳ አዋጁ አለህ። አንድ መስመር ከተጫረ ዘሩን የምትገዛው አንተ ነህ።

ወፍ ወዳዱ፦ እመጣለሁ። መቼ ነው?

ባለማሳው፦ ማሾ የሚዘራው በሐምሌ ነው።